የጠፋ አይሄድም

ይመር መሞቱን የነገረኝ አንድ የውጫሌ ሹፌር ነው። የመኪናውን የተሰበረ መቀመጫ ሊያሠራ ሐይቅ ከተማ ወዳለው የእንጨት ሥራ ቤቴ መጥቶ፣ ወንበሩን መሬት ላይ እያስቀመጠ፣

"ያ የመናኸሪያው ሽማግሌ እኮ አረፈ፤ ሰማህ?" አለኝ።

"የትኛው?"

"ያ ጯሂው። መኪና አላስወጣ እያለ ልጅ የሚቆጥረው።"

አነጋገሩ መንገድ ላይ የነበረ ጉድጓድ እንደተደፈነ የሚያወራ ሰው ይመስል ነበር። መላጊያዬን አስቀመጥኩ። የዚያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

በማግስቱ ለቅሶ ለመድረስ ውጫሌ ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቷል። ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ባለባጃጁም፣ ነጋዴውም ተሰብስቦ ሟቹን ያሞግሳል። አንዱ፣ እኔ የማውቀው አውቶቡስ ነጂ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ "ስንቱን ልጅ ከእናቱ ጋር አገናኘ፤ አላህ ጀነት ያግባው፤ እንዲህ ያለ ሰው ከእንግዲህ አይወለድም" እያለ ያለቅሳል። ይህ ሰው ክርስቲያን ነው፤ ለሟቹ ክብር ብሎ በሟቹ ቋንቋ መመረቁ መልካም ነው። ነገር ግን ከጥቂት ዓመት በፊት "ይህ እብድ ከመናኸሪያ ይነሳልን" ብሎ የሹፌሮችን ፊርማ ያሰባሰበው እሱው ራሱ ነበር። ወረቀቱን ሐይቅ ድረስ ይዞት ሲዞር በዓይኔ አይቻለሁ።

መታገሥ አልቻልኩም። "አንተ አይደለህም እንዴ ይነሳልን ብለህ ያስፈረምከው?" አልኩት።

ሰውየው ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበና፣ "አያ አበጋዝ፣ ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም" አለኝ።

እውነት ነው፣ ለቅሶ ቤት አይነገርም። ሰርግ ቤትም አይነገርም፣ መንገድ ላይም አይነገርም። እኛ ሰውን በቁሙ እብድ፣ በሞቱ ጻድቅ የምናደርገው እውነቱ የሚነገርበት ቤት ስላልሠራን ነው። ስለዚህ በጽሑፍ ልናገረው ብዬ ተነሳሁ። የምወቅሰው እነሱን ብቻ አይደለም። ይመርን ከሁሉም አብልጦ የበደለው ሰው ይህን የሚጽፈው ነው።

ይመር ውጫሌ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነበር። ረጅም፣ ጉልበቱ የወጣ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ የሚያንጠለጥል ሰው ነው። ድምፁ ሻካራ ነበር፤ ስድብም ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ ሚኒባስና አውቶቡስ ሲያሰልፍ ይከርምና፣ መስከረም ሃያ አንድ ለግሸን ማርያም ንግሥ ሕዝቡ ከየአገሩ ሲጎርፍ፣ ማንም ሳይልከው መኪናዎቹ ወደሚቆሙበት ወደ ተራራው ሥር ይሄዳል። ተራራው ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ሙስሊም ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው "እስላም በማርያም ንግሥ ምን ይሠራል?" ብሎ ሲጠይቅ እኛ ወሎዬዎች ለጠያቂው እናፍራለን። ይመር ግን አይከፋውም። "እናንተ ሽቅብ ስታዩ ቁልቁል የሚያይም ያስፈልጋል" ይላል። ቁልቁል የሚያየው ልጆችን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መኪና ሲደርስ በሩ ላይ ይቆማል። ትልልቁን ሰው ዝም ብሎ ያሳልፋል። ልጅ ሲወርድ ግን ያን ሁሉ ቁመቱን አጥፎ ይቀመጣል፤ ከልጁ ዓይን በታች እስኪሆን ድረስ ዝቅ ይላል። "ሽቅብ እያየ የሚመልስ ልጅ አንተ የምትወደውን እንጂ እውነቱን አይመልስም" ይል ነበር። ከዚያ ልጁን ወደ መኪናው ያዞረውና "የኔ ሸጋ፣ ይህን መኪና በምን ታውቀዋለህ?" ይለዋል። ሰሌዳ አያስጠናም። አንዱ ልጅ "የጎን መስታወቱ በፕላስተር ታስሯል" ይላል፣ ሌላዋ "ኋላው ላይ ርግብ ተስሎበታል" ትላለች። ልጁ ራሱ ያገኘውን ምልክት ልጁ አይረሳም። በመጨረሻ ከመኪናዎቹ መካከል ያለ አንድ ትልቅ ድንጋይ ያሳያቸዋል። "ከጠፋችሁ የሚያመጣችሁ ሰው እዚህ ያመጣችኋል። እዚህ ቁጭ ነው። የጠፋ አይሄድም፤ ፈላጊ ነው የሚሄደው።"

ወደ ወላጁ ሲዞር ግን ሌላ ሰው ነው። "ዓይንህን ጨፍን" ይላል አባቱን። "ልጅህ ምን ለብሷል?"

"ነጭ።"

"ግለጥና እይ እስቲ። ይህ ሁሉ ሕዝብ ምን ለብሷል?"

በእርግጥም ተራራው ከሥር እስከ ጫፍ ነጭ ነው። በቀይ ክርም ቢሆን፣ በአረንጓዴ ጨርቅም ቢሆን የልጃችሁን አንገት ለዩልኝ ብሎ ይለምናል። ሰዎች ይስቃሉ፤ አንዳንዱ "እመቤቴ እያለችልን ክር ይጠብቀን?" ብሎ ይቆጣል። እመቤቴ የልጅህን እጅ አንተ ትለቅላት ዘንድ አልጠየቀችህም። እጅ የተሰጠህ ልትይዝበት ነው። ይህን አሁን እላለሁ፤ ያን ጊዜ እኔም ከተቆጡት አንዱ ነበርኩ።

ማታ ሲመለሱ ደግሞ የወረደው ልጅ ሁሉ ሳይሳፈር መኪና አያስወጣም። ሹፌሮቹ የሚጠሉት ለዚህ ነው። "አያ ይመር፣ ትርፍ ስንጭን ዝም ትላለህ፣ አንድ ሕፃን ጎደለ ብለህ ሰውን ሁሉ ታቆማለህ" ይሉታል። "ትርፉን ለትራፊክ ትመልሳለህ፤ ጎደሎውን ለማን ትመልሳለህ?" ይላቸዋል። ይህን ሁሉ ለምን እንደሚያደርግ አንድ ቀን ጠይቄው ነበር። ልጅ ጠፍቶበት ይሆናል፣ ወይም ራሱ ጠፍቶ ያደገ ይሆናል ብዬ ነበር። "ተራ አስከባሪ ነኝ፤ ሥራዬ ነው" አለኝ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ሥራውን በትክክል የሚሠራ ሰው ስናይ የግድ የተደበቀ ሐዘን እንፈልግለታለን፤ ሥራን ማክበር ብቻውን የማይበቃ ይመስል።

እኔ ይመርን ያወቅሁት መክሊት፣ የመጀመሪያ ልጄ፣ ሰባት ዓመቷ ሳለ ነው። እናቷ አራስ ነበረች፤ ስለት ነበረብንና ሁለታችን ብቻ ግሸን ሄድን። ከመኪናው ስንወርድ ይመር መክሊት ፊት ቁጭ አለና፣ "የኔ ሸጋ፣ የማን ልጅ ነሽ?" አላት።

መክሊት እኔን አየችኝና አፏን በመዳፏ ከደነች።

ለምን እንደከደነች አውቃለሁ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት በራሴ ነው። ያለኝ ሀብት ሥርዓት ነው ብዬ አምን ነበር። በእኔ አስተዳደግ ልጅ የአባቱን ስም አይጠራም፤ እኔ የአባቴን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ የተናገርኩት ቄሱ ለፍታት ሲጠይቁኝ ነው። ከግሸኑ ጉዞ ጥቂት ወራት በፊት ቤታችን እንግዶች ነበሩ፤ አንዱ መክሊትን የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቃት። እሷም ትምህርት ቤት እንዳስለመዷት ቀጥ ብላ ቆማ "የአበጋዝ" አለች። እንግዶቹ ሳቁ። እኔ በቀኝ እጄ ጀርባ አፏን መታኋት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታኋት። አንድ ጊዜ እንደሚበቃ ግን አላወቅሁም ነበር።

ስለዚህ ያን ቀን አፏን ስትከድን ኮራሁ። "ጨዋ ልጅ ናት፤ በትልቅ ሰው ፊት አትናገርም" አልኩት።

"ወንድም ዓለም፣ ብትጠፋስ ጨዋነቷ መንገድ ያሳያታል?"

"የእኔ ልጅ አትጠፋም።"

"እሺ ዓይንህን ጨፍንና..."

"እኔ ከአንተ ጋር ድብብቆሽ ልጫወት አልመጣሁም" አልኩና ትከሻውን ገፍቼው አለፍኩ። ድንጋዩን አላሳያትም፣ መኪናውንም አላስለያትም። ከኋላዬ "ያ ቁጡ፣ የሐይቁ መኪና" ሲል ሰማሁት። ለራሱ እየመዘገበኝ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ስንወርድ መንገዱ ጠባብ፣ ጭቃው የሚያንሸራትት፣ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ነበር። አራት ሰዎች በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው ይወርዳሉ፤ አንደኛው ደከመውና "ስለ ማርያም" አለ። የመክሊትን እጅ ለቀቅሁና የቃሬዛውን ጫፍ ተቀበልኩ። ከሠላሳ እርምጃ አይበልጥም የተሸከምኩት። ለጽድቅ ነበር። አስረክቤ ስዞር ልጄ የለችም።

ሽቅብ ተመለስኩ፣ ቁልቁል ወረድኩ፣ እንደገና ወጣሁ። "ነጭ ነጠላ የለበሰች ልጅ አይታችኋል?" እላለሁ፤ ሰው ነጭ ነጠላውን አጣፍቶ ያልፈኛል። አንድ አዛውንት ቆም ብለው "ቁመቷ ምን ያህል ነው፣ ልጄ?" አሉኝ። እጄን ወገቤ ላይ አደረግሁ፤ ከዚያ ወደ ደረቴ ከፍ አደረግሁት፤ ከዚያ መልሼ አወረድኩት። እኔ የበር መቃን በዓይኔ ለክቼ በጣት ውፍረት የማልሳሳት ሰው ነኝ። የልጄን ቁመት አላውቀውም ነበር። "አይዞህ፣ እመቤቴ አለችላት" ብለውኝ ሄዱ። ከገደሉ አፋፍ ቆሜ ቁልቁል አየሁ። ስሟን እየጠራሁ ጮኽኩ። ብትሰማኝስ ትመልሳለች? በሰው ፊት እንዳትጮኽ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ወደ መኪናዎቹ ወረድኩ። ከድንጋዩ አጠገብ ሰው ተሰብስቧል። ከመድረሴ በፊት የሆነውን እዚያው ዳቦ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነገረችኝ፤ በቅደም ተከተሉ ልጻፈው።

መክሊትን አንድ ዲያቆን ከመንገድ ዳር አግኝቶ ወደ ድንጋዩ አምጥቷታል። ስሟን ቢጠይቋት ዝም። የአባቷን ስም ቢጠይቋት አፏን በመዳፏ ትይዛለች። ሰው ተሰበሰበና "ዲዳ ናት፤ ለጠበል አምጥተው ጥለዋት ነው" ብሎ ፈረደ። ፖሊስ መጥቶ አይቶ፣ ወላጆቿ እስኪመጡ ይመር ዘንድ ትቆይ ብሎ ወደ ሌላው ሥራ ሄደ። ከዚያ ከሩቅ አገር የመጡ ባልና ሚስት፣ ልጅ የሌላቸው፣ ሴትዮዋ እያለቀሰች "እመቤቴ የሰጠችኝ ናት፤ ይዘናት እንሄዳለን" አሉ። ክፉዎች አልነበሩም። መኪናቸው ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃቸዋል።

ይመር ልጅቷን ከኋላው አደረገና ድንጋዩን ተደግፎ ቆመ። "ይህች ልጅ ዲዳ አይደለችም። ዲዳ አፉን በእጁ አይይዝም። አፉን የሚይዝ የሚናገረው ያለው ነው" አላቸው።

"ታዲያ ለምን አትናገርም?"

"እሱን አባቷን ነው የምጠይቀው። አባት አላት፤ ጠዋት አይቼዋለሁ፤ ቁጡ ነው፤ ይመጣል። የጠፋ አይሄድም።"

ሰው ጮኸበት። ከመኪናቸው የወረደ አንድ ጎረምሳ "አንተ እስላም፣ የክርስቲያን ልጅ ምን አግብቶህ ትይዛለህ?" አለና በዱላ ግንባሩን አለው። ከዚያ ሁሉ የበዓል ሰው፣ ጠዋት ያስቀደሰ፣ ጠበል የጠጣ፣ "ተው" ያለ አንድም አልነበረም፤ ከዳቦ ሻጯ በቀር። እሷ ዳቦዋን ጥላ መካከል ገባች። ባልና ሚስቱ ደም ሲያዩ አፍረው ሄዱ። ይመር ግን እዚያው ቀረ፤ አንድ እጁ ግንባሩ ላይ፣ ሌላው ከኋላው ልጅቷን ይዞ።

እኔ የደረስኩት ያን ጊዜ ነው። የልጄን ነጠላ ከጀርባው አየሁ። ደሙን አላየሁትም። ኮሌታውን አንቄ "ልጄን ምን አደረግካት?" አልኩት፤ ከሱ ቀጥሎ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ከጎረምሳው ስድብ የሚለየው ዱላ አለመያዜ ብቻ ነው።

ይመር ኮሌታውን ሳያስለቅቅ "ምን ለብሳለች?" አለኝ።

"ነጭ! እያየኋት!"

"ከነጠላው ሥር።"

አላወቅሁትም። ያለበሰቻት እናቷ ናት። ሰው ሁሉ ያየኛል።

"አባቷ እኔ ነኝ እያልኩህ!"

"ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። ከአንተ በፊት የመጡትም የእኛ ናት ብለዋል።" ከዚያ ወደ መክሊት ዞሮ ቁጭ አለ። "የኔ ሸጋ፣ ይህ ሰው አባትሽ ነው?"

መክሊት አየችኝ። እጇ ወደ አፏ ሄደ።

"ንገሪው!" ብዬ ጮኽኩ። እሷ ጭራሽ ተሸማቀቀች።

"አትጩኽ" አለ ይመር፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። "ና ውረድ። እንደኔ ቁጭ በል። ከዚያ ላይ ሆነህ የምትለው አይሰማትም።"

በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ጭቃ ላይ፣ ልጄ ፊት ተንበረከክሁ። ፊቷን ከታች ወደ ላይ ሳይ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። "ስሜን ንገሪው" አልኳት።

"አይመቱኝም?" አለች።

ሕዝቡ ሰማ። ዳቦ ሻጯ ፊቷን አዞረች። "አልመታሽም" አልኩ። መክሊት መዳፏን ከአፏ ሳታነሳ፣ በጣቶቿ መካከል፣ "አበጋዝ" አለች። ይመር ወደ እኔ ዞረና መታወቂያዬን ጠየቀኝ፤ አሳየሁት። በጣቱ እየተከተለ ቀስ ብሎ አነበበው።

አበቃ ብዬ ተነሳሁና እጇን ልይዝ ስል ይመር አሁንም አልተነሳም። ደሙ በቅንድቡ ላይ ይወርዳል። "አንድ ነገር ቀረኝ" አለና መክሊትን ጠየቃት፦ "ከእሱ ጋር መሄድ ትፈልጊያለሽ?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። አባት ልጁን ሊወስድ ልጅ ትጠየቃለች? ንዴቴ እንደገና ተነሳ፤ በየትኛው አገር ሕግ ልለው አፌን ከፈትኩ። መክሊት ግን መልስ እየፈለገች ነበር። ይመርን አየች። ዳቦ ሻጯን አየች። ጭቃ የለበሰ ጉልበቴን አየች፣ ከዚያ እጆቼን፣ ቀኝ እጄን ረዘም ላለ ጊዜ። አንድ መኪና ተነስቶ፣ ተጠምዝዞ፣ መንገዱን ይዞ ከዓይናችን እስኪጠፋ ድረስ አልመለሰችም። እኔም የከፈትኩትን አፍ መዝጋት አቅቶኝ ቆምኩ።

"አዎ" አለች።

ያኔ ነው ይመር እጇን የሰጠኝ። ይቅርታ እንድጠይቀው አልጠበቀም፤ ፊሽካውን ነፍቶ የሐይቁን መኪና ሊያቆምልን ሮጠ። በኋላ በየዓመቱ ውጫሌ እየሄድኩ ጎበኘሁት፤ ስለ ስድቤም ይቅርታ ለመንኩት፤ "አብሽር፣ ሌላም ብለውኛል" ብሎ ሳቀ። ስለዚያ ጥያቄ ግን ተናግሬው አላውቅም። ተቀይሜው ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ ዛሬም ከለቅሶው ተመልሼ ይህን ስጽፍ ቅያሜው ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። ነገር ግን ይመር ባይጠይቃት ኖሮ፣ መልሷን የማውቀው መስሎኝ እሞት ነበር።